አንድ ሰው የቀረው

[አቃቂ፣ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ። ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት። በሩ ከተዘጋ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ባጃጅ ነጂው ሙሀመድአወል ባጃጇን ሸራዋን እንደጣለች ከመንገዱ ማዶ አቁሞ፣ የበሩን ፍርግርግ ጨብጦ ይከራከራል። ሰውየው የወላጆች ኮሚቴ አባል ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ያላወቀውንም እያወራ ይደርስበታል። ዘበኛው ጋሽ ሮሪሳ ግን አንድ ነገር ሁለቴ ካልተነገራቸው የማይገባቸው አዛውንት ናቸው። ሰፈሩ እንደዚያ ነው የሚለው።]

ሙሀመድአወል፦ ጋሽ ሮሪሳ፣ ሕጉን ለኔ ነው የሚነግሩኝ? ያወጣነው እኮ እኛ ነን።

ሮሪሳ፦ እሱማ አንተ ነህ። «ሦስቴ ያረፈደ ተማሪ የዓርቡ ጥያቄና መልስ ላይ አይቀርብም» ስትል እዚሁ ቆሜ ሰምቻለሁ። ተጨብጭቦልሃል።

ሙሀመድአወል፦ ያልኩት ለሚያረፍዱት ነው።

ሮሪሳ፦ አንተስ ዛሬ ምን ሆነህ ነው?

ሙሀመድአወል፦ እኔ ምክንያት አለኝ። ምክንያት ያለው ሰው አረፈደ አይባልም።

ሮሪሳ፦ [መዝገባቸውን ገልጠው እርሳሱን በምላሳቸው እያራሱ] እሺ፣ ምክንያቱን ምን ልበል?

[ሙሀመድአወል ጨነቀው። ልጁ ራውዳ ከሱ ጋር ስትመጣ ሁለቴ ተጽፎባታል፤ ዛሬ ከተደገመ ሦስት ነው። ለዓርቡ ውድድር ወር ሙሉ የወንዝ ስም ስትሸመድድ ከርማለች። በሱ ምክንያት ብትቀር ፊቷን የሚያይበት ዓይን የለውም።]

ሙሀመድአወል፦ ጎማ ፈንድቶብኝ።

ሮሪሳ፦ [እየጻፉ] ጎማ... የቱ ጎማ?

ሙሀመድአወል፦ የፊተኛው።

ሮሪሳ፦ [አንገታቸውን አስግገው] ያ ደህናው?

ሙሀመድአወል፦ ጎማውን ይተዉት። ሕጉ ምን ይላል? የታመመ ተማሪ አርፋጅ አይባልም። ራውዳ ሌሊቱን ትኩሳት ይዟት አደረ ብለው ይጻፉ።

ሮሪሳ፦ ቆይ፣ ታዲያ የፈነዳው ምኑ ነው?

ሙሀመድአወል፦ ጎማውን ይሰርዙት አልኩ እኮ።

ሮሪሳ፦ ሰረዝኩት። ትኩሳቱስ የፊተኛው ነው የኋለኛው?

ሙሀመድአወል፦ [ይሄን ሰው ማን ዘበኛ አደረገው እያለ በልቡ] ጋሽ ሮሪሳ፣ ትኩሳት ፊትና ኋላ የለውም።

ሮሪሳ፦ እሷ አሁን የት ናት?

ሙሀመድአወል፦ ያችውና፣ ባጃጅ ውስጥ ጋደም ብላ።

[ሸራው ከውስጥ በኩል ተነቃነቀ።]

ሙሀመድአወል፦ አዩ? እንቅልፍ እንኳ እምቢ ብሏት ትገላበጣለች።

ሮሪሳ፦ አዬ ልጄን። እኔ ደግሞ ተሳፋሪ እስኪሞላልህ ቆመህ መስሎኝ።

ሙሀመድአወል፦ [«ወላሂ» ሊል ብሎ ዋጠው፤ በዚህስ አይማልም] ልጄን ይዤ ተሳፋሪ? ምን ነካዎት?

[እውነቱን ለመናገር ቆሟል። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጋ «አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው» እያለ ሃያ አምስት ደቂቃ ተጣርቷል። ባጃጅ ሳይሞላ መነሳት ለሱ ያለ ጫማ እንደ መውጣት ነው። ራውዳን ጥግ ላይ ሸጉጧት ስለሚሄድ ደግሞ ከሰው አይቆጥራትም።]

ሮሪሳ፦ እንግዲያው እዚህ ላይ ፈርምልኝ። «ልጄ ራውዳ ሌሊቱን ታማ ስላደረች» ነው ያልከው።

ሙሀመድአወል፦ [እርሳሱን ተቀብሎ እየፈረመ] ይኸው። ሕግ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሮሪሳ፦ በል አምጣትና ትግባ።

[ሙሀመድአወል መንገዱን ተሻግሮ ሸራውን ገለጠ። ወንበሩ ላይ እግሯ የታሰረ ዶሮ ዓይኗን ታቁለጨልጫለች፤ መጨረሻ የወረደችው ሴትዮ ረስታት ነው። ሌላ ማንም የለም። ሩጦ ሲመለስ ዶሮዋን ከነማሰሪያዋ በእጁ ይዟል።]

ሙሀመድአወል፦ ጋሽ ሮሪሳ፣ ልጄ የለችም። ጠዋት ራሴ ነኝ ያሳፈርኳት። የት ጣልኳት? ያ አላህ፣ ልጄን የት ጣልኳት?

ሮሪሳ፦ ቁጭ በል።

ሙሀመድአወል፦ ምን ቁጭ በል ይሉኛል!

ሮሪሳ፦ [አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገልጠው] ራውዳ ሙሀመድአወል። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። በእግሯ። «‹አባዬ፣ ልወርድ ነው› ስለው፣ ‹ግቡ ግቡ፣ ሊነሳ ነው› አለኝ፤ ወርጄ መጣሁ» ብላኛለች።

[ሙሀመድአወል በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ደግሞ አለ። እንደዚህ ደንግጦ አያውቅም፤ እንደዚህም ደስ ብሎት አያውቅም።]

ሙሀመድአወል፦ ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?

ሮሪሳ፦ መቼ ጠየቅኸኝ? ሕግ እያስተማርከኝ አልነበር እንዴ። ይልቅ ይቺ ግን አርፍዳለች። [በእርሳሳቸው ወደ ዶሮዋ እየጠቆሙ] ስሟን ማን ልበል?

ሙሀመድአወል፦ ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል። አሁን ያንን የፈረምኩበትን ገጽ ይቅደዱልኝ።

ሮሪሳ፦ መዝገብ አይቀደድም። ደግሞስ «ትኩሳት ያለው ተማሪ ሌላውን እንዳያስይዝ ሦስት ቀን ቤቱ ይተኛ» ያለው ማን ነበር?

ሙሀመድአወል፦ ...እኔ።

ሮሪሳ፦ እኔ ቁጥር ላይ ደካማ ነኝ። እስቲ ቁጠርልኝ።

ሙሀመድአወል፦ [በጣቱ] ዛሬ ረቡዕ። ሐሙስ። ዓር... [ጣቱ አየር ላይ ቀረ]

ሮሪሳ፦ አሁን ክፍሏ ሄጄ ላውጣት?

ሙሀመድአወል፦ የለም፣ የለም። ልጅቷ ጤነኛ ናት። እኔ ነኝ የዋሸሁት።

ሮሪሳ፦ [እርሳሱን እንደገና እያራሱ] እንደሱ ብዬ ልጻፍ?

ሙሀመድአወል፦ ይጻፉት።

ሮሪሳ፦ የዋሸ ወላጅስ ምን ይሁን ነበር ያልከው? ያኔ እንኳ የተጨበጨበልህ ከሁሉም የበለጠ ነው።

ሙሀመድአወል፦ [ድምፁ ከዶሮዋ አንሶ] ሰልፍ ላይ ወጥቶ በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ።

ሮሪሳ፦ እህ። ነገ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፍ አለ።

ሙሀመድአወል፦ እሺ ጋሽ ሮሪሳ፣ እመጣለሁ።

ሮሪሳ፦ [መዝገቡን አጥፈው ብብታቸው ሥር እየከተቱ] ባጃጇን ግን ተዋት። ከራውዳ ጋር በእግርህ ና፤ እሷ አታረፍድም።