የአጎቴ ተረከዝና የድንጋጤ ሞገድ

አንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለበት ቤት ጤና አያገኝም! አትቆጡ፤ ይህን የምላችሁ እኔው ራሴ አንደኛ ዓመት ስለሆንኩ ነው።

ለዕረፍት ቆቦ ስገባ አጎቴ ሰይድ እያነከሰ ተቀበለኝ። የተረከዙ ጅማት ታሞበታል። የልጁ ሰርግ ደግሞ ደርሷል! የራያ ጭፈራ ምድር ለቀው ካልዘለሉበት ጭፈራ አይባልም። የሙሽሪት አባት ወንበር ላይ ሆኖ ቢያጨበጭብማ... «ልጁን ሳይወድ ዳራት» ይባላል።

እኔ ለመርዳት ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ሾክ ዌቭ የሚባል ሕክምና አገኘሁና፣ እንግሊዝኛዬም እንዲታይልኝ፣ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

«አጎቴ፣ የድንጋጤ ሞገድ የሚባል ሕክምና አለ። ጅማቱን በማሽን ይመቱታል።»

«ያድናል?»

መቼም ጠንቃቃ ነኝ። «ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ገሚሱ ያስታግሳል ይላል፤ ገሚሱ ከማይመታ የውሸት ማሽን ብዙም አይሻልም ይላል።»

«እንግዲያ የውሸቱ የት ይገኛል? እሱ እንኳ አያምም!»

ባለቤቱ እቴ ዘሀራ ግን ከንግግሬ ሁሉ የያዘችው «ድንጋጤ» የምትለዋን ብቻ ነው።

«ወላሂ፣ ለድንጋጤ ብለን አገር ላገር አንንከራተትም! እዚሁ ሞልቶ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲያ አጎቴ በሰላም ውሃ አልጠጣም። ሲቀመጥ ከጀርባው ትሪ ይወድቃል። ሸለብ ሲያደርገው «ሰይዶ! ግመል ማሽላው ውስጥ ገባ!» ትለዋለች። ምስኪን በአንድ እግሩ እየዘለለ ማሳው ድረስ ይበራል፤ ግመል የለም!

«እቴ፣ ድንጋጤ የተባለው የማሽኑ ምት ነው እንጂ...»

«ዝም በል! መድኃኒቱን ያመጣኸው አንተ፣ የምትከለክለው አንተ?»

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ከበሮው ሲጋጋል ሰው ሁሉ ወደ አጎቴ ዞረ። እሱ ክራንቹን... ይቅርታ፣ ዱላውን ተደግፎ ላብ ያጠምቀዋል። ሙሽሪት በዓይነ ርግቧ ሥር ታየዋለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

በዚህ መሐል እቴ ዘሀራ ከኋላው ተጠጋች። ጆሮው ሥር «እባብ!!!» አለች።

እናንተዬ! አጎቴ ዱላውን ጥሎ ወደ ሰማይ ወጣ። እልልታው ቀለጠ። ገና ሲያርፍ «ሌላም አለ!» አለችው፤ ደግሞ ወጣ! ሙሽሪት በሳቅ እያለቀሰች ነው።

አንድ ጎረቤታችን አጠገቡ እየዘለለ፣ «አጂብ! ሰይዶ፣ ዳንክ እንዴ?» አለው።

«ምን እድናለሁ!» አለ አጎቴ ከአየር ላይ፤ «አሁንም ከኋላዬ ናት?»