ረባዳው ላይ የተኛ ጭስ

ወንድሜ ይርሳው በደለኝ። ነገሩን ከዚህ ልጀምረው፤ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። ማኅበር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "እናታችንን ከዳገት አውርዳ ያሳመመቻት እሷ ናት" አለ። እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ወደ ጠላው አጎነበሰ። እኔ ዝም አልኩ። እኔ! ምላሴን የምታውቁ ሰዎች "ምን ነካት?" ትሉ ይሆናል። ምንም አልነካኝ። እውነት ይኖርበት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው።

እናቴ እስከ አምና መስከረም ዳገቱ ላይ ነበር የምትኖረው፤ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ፣ ነፋስ ክረምት ከበጋ በማያርፍበት። ብርዱ አጥንት ይገባል። አርጅታለች፣ ብቻዋን ናት። የኔ ቤት ደግሞ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ረባዳ ላይ ነው። ነፋስ አያገኘውም። ይሞቃታል ብዬ በጋሪ አመጣኋት። ፍራሿን የተሸከመው ይርሳው ራሱ ነበር። ማኅበሩ ላይ ይህን ረስቶታል።

ኅዳር እስኪገባ ደህና ነበረች። ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ወጤን ታንቋሽሻለች። ኅዳር ገባ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ሳል ጀመራት። ሁለት ቃል ተናግራ ሦስተኛው ላይ ደረቷን ይዛ ትቀመጣለች። ሲሻላት በአገውኛ ትሰድበኛለች። ስትሰድበኝ ደስ ይለኛል፤ ትንፋሽ አላት ማለት ነው።

ጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። ጥሩ ልጅ ናት። ቤቱ ታፍኗል፣ በጠዋት መስኮት ክፈቱ አለችን። ከፈትን። ጭሱ ገባ።

የምን ጭስ? ይርሳው ከሰል ያከስላል። እዚህ አገር የማያከስል ማን አለ? እኔስ ብሆን ዲከረንስ የምንለውን ዛፍ ተክዬ፣ ቆርጬ ሸጬ አይደል ቤቴን ቆርቆሮ ያለበስኩት? ስለዚህ ከሰልን አልሰድብም። እንጨቱ ይደረደራል፣ ሣርና አፈር ይለብሳል፣ እሳት ይለኮስበታል፣ ከዚያ ቀናት ሙሉ ሲጨስ ይሰነብታል። ይርሳው ድሮ ዳገቱ ላይ ነበር የሚያከስለው። አምና ግን ለመኪና ይቅረብልኝ ብሎ ረባዳው ውስጥ፣ ከቤቴ በታች ደረደረው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ግን የስኳር መጠቅለያም አልምርም። የልጄን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ገለጥኩ። በኔ አማርኛ እንዲህ ነው፦ በበጋ፣ ሰማይ ሲጠራ፣ ሲመሽ ምድር ትቀዘቅዛለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ሞቃቱ ከላይ ሆኖ ይከድነዋል። እንግዲህ ጭስ በየት ይውጣ? ማለዳ ደጃፌ ላይ ቆሜ አየሁት። እስከ ባሕር ዛፉ ወገብ ይወጣና ጣራ እንደገጨው ሁሉ ወደ ጎን ይነጠፋል። አራት ሰዓት ግድም ፀሐይ ስትበረታ ይበተናል። በማግስቱ እንደገና።

አሁን የራሴን ልናገር፤ እኔ ካልተናገርኩት ይርሳው ይናገረዋል። ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰው ሁሉ በሽታ ይውጣ ብሎ ቆሻሻውን ያቃጥል የለ? እኔም የዓመቱን ፌስታልና አሮጌ ጫማ ሰብስቤ፣ በሽታው ከሷ ጀምሮ ይውጣ ብዬ፣ እናቴ መስኮት ሥር ለኮስኩት። በማለዳ! ያ ከባድ አየር ገና ተኝቶ ሳለ! ሦስት ቀን ቃል ከአፏ አልወጣም። ስድብም አልወጣም። ዳንግላ ወስጃት ሐኪሙ ደረቷን ካዳመጠ በኋላ፣ ሌላ እንዲህ ያለ በጋ አትችልም አለኝ። ማኅበሩ ላይ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። መጽሐፉንም የገለጥኩት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ዘግይቼ።

ክረምት መጣ፣ ዝናቡ አየሩን አጠበው፣ እናቴ ዳነች። ይርሳው ከበጋ ጀምሮ ያመጣላት ጸበል ነው ያዳናት አለ። እሱም ይሁን። ግን ጸበሉ ሰኔን ለምን ጠበቀ?

ይኸው ዘንድሮም ኅዳር ገባ። የታጠነ ዕለት እኔ ጉድጓድ ቆፍሬ ቆሻሻዬን ቀበርኩ። ጎረቤቶቼ በሽታ ልታስቀሪብን ነው ብለው አጉረመረሙ። እጄን ታጥቤ ወደ ረባዳው ወረድኩ። ይርሳው ከጓደኞቹ ጋር እንጨቱን ደርድሮ፣ ገና አፈር ሳያለብሰው ደረስኩበት።

"እታለም፣ ዘንድሮ ሳታጥኚ ቀረሽ አሉ! ምነው፣ ክብሪት ጠፋ?" አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩና እንዲህ አልኩት፦

"ወንድማለም፣ አምና በሰው ፊት ያልከው ግማሹ ልክ ነው፤ እኔም አሁን በሰው ፊት አምናለሁ። የኔን ግማሽ ዛሬ ቀብሬው መጣሁ። ያንተ ግማሽ ይኸው ተደርድሮ ቆሟል። ከሁለቱ አንዱ ዳገቱን ይወጣል፤ ወይ እንጨቱ፣ ወይ እናትህ። ምረጥ፤ ለሸክሙ እኔ አግዝሃለሁ።"