ጎመን ያልቀመሰች ላም

(ምሳ ሰዓት ነው። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ክንዱ ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ አለ። የቤቱ አባወራ ሶፋ ሠሪ ነው፤ የሰው ሶፋ ይጨርሳል፣ የራሱን ግን ጨርሶት አያውቅም። ሶፋው ላይ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ተንሰራፍቷል። ይህ ሰው ወተት ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ገበሬዎች የሚያመጡትን ወተት እየቀመሰ የሚቀበል ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ቀማሹ» ይለዋል። ለአራሷ እህቱ የተዘጋጀውን ሳህን መኝታ ቤቱ በር ላይ ቀምቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በሹካ ሽንኩርት ይለቅማል።)

ሶፋ ሠሪው፦ ጋሼ፣ ሽንኩርቱ እኮ ቀልጧል። አይታይም።

ቀማሹ፦ ለአንተ አይታይም። ለወተት ይታያል።

ሶፋ ሠሪው፦ ወተት ዓይን አለው እንዴ?

ቀማሹ፦ (ወደ ጣሪያው እያየ) እህቴን ለማን ነው የሰጠናት። አዳምጥ። የምታጠባ ሴት የበላችው ሁሉ ወደ ወተቱ ይሄዳል፤ ወተቱ ደግሞ ወደ ልጁ ይሄዳል። ትናንት ልጁ ለምን አለቀሰ?

ሶፋ ሠሪው፦ እርስዎ ሲስሙት ጢምዎ ወጋው።

ቀማሹ፦ ከጢሜ በፊት።

ሶፋ ሠሪው፦ ከጢምዎ በፊት ተኝቶ ነበር።

ቀማሹ፦ ሽንኩርት ነው ያስለቀሰው። አንተን ስትከትፈው አያስለቅስህም?

ሶፋ ሠሪው፦ ያስለቅሰኛል።

ቀማሹ፦ አንተን የሚያክል ግንድ ካስለቀሰ ጨቅላውን ምን ያደርገዋል?

ሶፋ ሠሪው፦ (አስቦ) እሱ ግን አልከተፈውም።

(ከመኝታ ቤት ማንኪያ ግድግዳ ሲመታ ይሰማል።)

ሶፋ ሠሪው፦ ማንኪያውን ቀድሜ ሰጥቻታለሁ፤ ሳህኑን እየጠበቀች ነው። ልጁ ክንዷ ላይ ስለተኛ መነሳት አልቻለችም። ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር አፏ የገባ ነገር የለም ጋሼ።

ቀማሹ፦ ትታገስ። ይሄ ምንድነው?

ሶፋ ሠሪው፦ ጥቅል ጎመን።

ቀማሹ፦ ጎመን ጋዝ አለው።

ሶፋ ሠሪው፦ የለውም። ጋዙ ካለቀ ሰነበተ፤ በኤሌክትሪክ ነው የሠራሁት።

ቀማሹ፦ የሆድ ጋዝ ነው የምልህ፣ አንተ ስፖንጅ። እናትየው ጎመን ትበላለች፣ ልጁ ይነፋል። (ጎመኑን ይጎርሳል።)

ሶፋ ሠሪው፦ እርስዎ አይነፉም?

ቀማሹ፦ እኔ አላጠባም።

ሶፋ ሠሪው፦ ነርሷ ግን የተገኘውን ሁሉ ብዪ፣ ጨመር አድርገሽ ብዪ፣ ውሃም ጠጪ ነው ያለቻት። መጠጥ ተዪ፣ መድኃኒት ሳትጠይቂን እንዳትውጪ አለቻት። ጎመንን በስሙ አላነሳችውም።

ቀማሹ፦ ነርስ። ነርሷ በዕድሜዋ ስንት በርሜል ወተት ቀምሳለች?

ሶፋ ሠሪው፦ አልጠየቅኳትም።

ቀማሹ፦ ይህን ምላስ ታየዋለህ? ስንቱን ገበሬ ወተቱን አሸክሞ ወደ ቤቱ የመለሰ ምላስ ነው። አንድ ጉንጭ ከያዝኩ ላሚቱ ምን እንደበላች፣ የት እንደዋለች፣ ማን እንዳለባት እነግርሃለሁ። ሽንኩርት ማሳ ገብታ የዋለች ላም ወተቷ ይሸታል። ሴትም ያው ናት።

ሶፋ ሠሪው፦ ላም ናት?

ቀማሹ፦ በወተት በኩል።

(ማንኪያው ግድግዳውን አጥብቆ ይመታል።)

ሶፋ ሠሪው፦ የሰማችዎት ይመስለኛል።

ቀማሹ፦ ትስማ። እንቁላሉን ደግሞ ማን አመጣው?

ሶፋ ሠሪው፦ ዶሮዋ።

ቀማሹ፦ ሳህኑ ላይ ማን አደረገው ነው የምልህ።

ሶፋ ሠሪው፦ እኔ።

ቀማሹ፦ እናቱ እንቁላል የበላችበት ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም። (ለሁለት ይከፍለውና ግማሹን ይጎርሳል።)

ሶፋ ሠሪው፦ እንግዲያው እናትዎ እርስዎን ሲያጠቡ የዶሮ ዘር በቤታቸው አልነበረም።

ቀማሹ፦ ምን ማለትህ ነው?

ሶፋ ሠሪው፦ ምንም። አፍዎ በደንብ ተፈቷል ማለቴ ነው።

ቀማሹ፦ ብርቱካኑንም ወዲያ በለው። ወተት ላይ ሎሚ ብታንጠባጥብ ምን ይሆናል?

ሶፋ ሠሪው፦ ይቆራረጣል።

ቀማሹ፦ ይኸው። ብርቱካን ስትበላ ወተቱ እዚያው ውስጧ አይብ ይሆናል።

ሶፋ ሠሪው፦ (ደንግጦ) አይብ ከሆነ በየት በኩል ይወጣል ጋሼ?

ቀማሹ፦ ችግሩ እሱ አይደል።

ሶፋ ሠሪው፦ ውሃስ ልስጣት?

ቀማሹ፦ ቀዝቃዛ ነው?

ሶፋ ሠሪው፦ የቧንቧ ነው።

ቀማሹ፦ ቀዝቃዛ ከጠጣች ወተቱ ይቀዘቅዛል፤ ልጁን ጉንፋን ይይዘዋል።

ሶፋ ሠሪው፦ ጠዋት የሚያቃጥል ሻይ ጠጥታ አጠባችው። አፉን አላቃጠለውም።

ቀማሹ፦ ዕድለኞች ሆናችሁ ነው።

ሶፋ ሠሪው፦ ምስሩስ?

ቀማሹ፦ ጠቃጠቆ ያወጣል።

ሶፋ ሠሪው፦ ታዲያ ምን ትብላ?

ቀማሹ፦ ደረቅ ዳቦ።

ሶፋ ሠሪው፦ ደረቅ ዳቦ ወተቷን አያደርቀውም?

ቀማሹ፦ (ማኘኩን ያቆማል) ሰው ሲያስተምሩት ይሰማል እንጂ አይጠይቅም።

ሶፋ ሠሪው፦ የእርስዎ ባለቤት ሲያጠቡ ዳቦ ብቻ ነበር የሚበሉት?

ቀማሹ፦ እሷ እናቷ ቤት ሄዳ ነው ያጠባችው።

ሶፋ ሠሪው፦ ለምን?

ቀማሹ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ዳቦውን ጥላ ሄደች።

(ማንኪያው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ፣ አሁን በዝግታ ይመታል።)

ሶፋ ሠሪው፦ ደከማት። ጋሼ፣ እኔ ይህን ነገር አላውቅም። ልጄን ሆዱን የሚያመው ከሆነ… እርስዎ ካሉ ዳቦውን ልቁረጥላት።

ቀማሹ፦ አሁን ሰው ሆንክ። (የቀረውን እንቁላል ይጎርሳል፤ ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል፤ ያስላል።) የሚ… የሚጠጣ…

ሶፋ ሠሪው፦ ውሃ አለ፤ ግን ቀዝቃዛ ነው።

(ቀማሹ ዓይኑ እያነባ ራሱ ተነስቶ ፍሪጁን ይከፍታል። ከበሩ ላይ ትንሽ ጠርሙስ ያወጣል።)

ሶፋ ሠሪው፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ ለከሰዓት…

ቀማሹ፦ ወተት አለህ ለካ። ደብቀህ።

ሶፋ ሠሪው፦ አልደበቅኩም፣ ብቻ እሱ…

ቀማሹ፦ የሚስትህ ወንድም ታንቆ ሊሞት፣ አንተ አንድ ጉንጭ ወተት ትሰስታለህ? ቁጭ በል። እንዲያውም አሁን ትማራለህ። ምን እንደበላች እንዳትነግረኝ።

ሶፋ ሠሪው፦ ማን?

ቀማሹ፦ ባለ ወተቷ።

ሶፋ ሠሪው፦ እሺ።

ቀማሹ፦ መቼ ታለበ?

ሶፋ ሠሪው፦ ዛሬ ጠዋት።

ቀማሹ፦ ማን አለባት?

ሶፋ ሠሪው፦ ራሷ።

ቀማሹ፦ (እየሳቀ) ራሷን የምታልብ ላም የት አየህ? እግዜር አእምሮ ሲያድል አንተ ወንበር ስትቸነክር ነበርክ።

ሶፋ ሠሪው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር…

ቀማሹ፦ ምላሴ ሲሠራ ጆሮዬ አይሠራም።

(ብርጭቆ ውስጥ ይገለብጣል። ያሸታል። ጉንጩን ሞልቶ ከግራ ወደ ቀኝ ያንከባልላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣል።)

ቀማሹ፦ ወተት ማለት ይህ ነው። ቀጠን ይላል፣ ይጣፍጣል፤ ጥጃዋ ገና ልጅ ነው። ሽንኩርት የለም። ነጭ ሽንኩርት ሽታውም የለም። ጎመን በሩቁ አላየችም። ይህች ላም ከንጹሕ ድርቆሽ በቀር የቀመሰችው ነገር የለም።

ሶፋ ሠሪው፦ እርግጠኛ ነዎት?

ቀማሹ፦ ከተሳሳትኩ ምላሴን ቁረጠው። ሌላም እነግርሃለሁ። ባለቤቷ አስተዋይ ሰው ነው። የምትበላውን ይመርጥላታል፤ አያስርባትም፤ አያስጨንቃትም። የተረጋጋች ላም ወተት ነው። አንተ የእሱን ሩብ ብታህል እህቴ ምን ይጎድልባት ነበር።

ሶፋ ሠሪው፦ (አቀርቅሮ) አመሰግናለሁ።

ቀማሹ፦ ስሰድብህ እኮ ነው።

ሶፋ ሠሪው፦ ሁለቱንም ነው ያደረጉት።

ቀማሹ፦ (የቀረውን ጨልጦ፣ ከንፈሩን ጠርጎ) የዚችን ላም ባለቤት ዛሬውኑ አገናኘኝ። እጁን ልጨብጠው።

ሶፋ ሠሪው፦ (እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይዘረጋል) እኔ ነኝ።

ቀማሹ፦ አንተ? ላም መቼ ገዛህ?

ሶፋ ሠሪው፦ አልገዛሁም ጋሼ። አገባሁ።

(ቀማሹ ብርጭቆውን ያያል፤ ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር፤ ከዚያ እንደገና ብርጭቆውን።)

ሶፋ ሠሪው፦ ከሰዓት ፀጉሯን ልትሠራ ስለምትወጣ፣ ለልጁ አልባ ያስቀመጠችው ነው። ራሷ ናት ያለበችው ስልዎት ሳቁብኝ።

ቀማሹ፦ ትናንት… ትናንት ምን በላች?

ሶፋ ሠሪው፦ ጎመን በነጭ ሽንኩርት። ማታ ደግሞ የተረፈውን።

ቀማሹ፦ አይሆንም። ምላሴ…

ሶፋ ሠሪው፦ መቀስ አለኝ፤ ግን የጨርቅ ነው።

(በሩ ይከፈታል። አራሷ የተኛውን ልጅ በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በሌላ እጇ ማንኪያዋን ይዛ ትወጣለች።)

አራሷ፦ ላሚቱ መጣች። ሣሬ የት አለ?

ቀማሹ፦ እህቴ፣ እኔ እኮ…

አራሷ፦ ጡቴን ጠጥተህ እህቴ የለም። እስከ ዛሬ ጋሼ ነበርክ፤ ከእንግዲህ የጡት ልጄ ነህ።

ቀማሹ፦ ቀስ በዪ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ፋብሪካ ከደረሰ እንጀራዬ ነው።

አራሷ፦ ምን ተብሎ ይድረስ? ጎመንን ከድርቆሽ በማይለይ ምላስ ስንቱን ገበሬ ሲመልስ ኖረ ተብሎ? ነርሷኮ የበላሽው ነገር ሽታው ትንሽ ቢያልፍም ልጁን አይጎዳውም ብላኛለች። እኔ በግድግዳው ስሰማህ፣ አሁን ነጭ ሽንኩርቱን ያገኘዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንተ እሱንም አትችልም።

(ልጁ ይነቃል፤ ማልቀስ ይጀምራል።)

ቀማሹ፦ ይኸው፣ ሽንኩርቱ…

አራሷ፦ ወንድሙ ምሳውን ጠጥቶበት ነው የሚያለቅሰው። የጠጣህበትን የምተካው ደግሞ በልቼ ነው። ሳህኑን ወዲህ በል።

(ቀማሹ ሳህኑን ያነሳል። ምስር፣ አንድ ብርቱካንና በጠርዙ የተደረደረ ሽንኩርት ብቻ ቀርቷል።)

ቀማሹ፦ ጎመኑ… አልቋል።

አራሷ፦ የሚነፋው ሰው ታወቀ።

ሶፋ ሠሪው፦ ድስቱ ውስጥ ሌላ አለ። (ሊነሳ ይልና መለስ ይላል።) አንድ ነገር ልጠይቅ። እሱ የጡት ልጅሽ ከሆነ፣ እኔ ምኑ ነኝ?

አራሷ፦ አንተማ አባቱ ነሃ።

(ሶፋ ሠሪው ረጋ ብሎ ያስባል። ከዚያ ሶፋው ላይ፣ የቀማሹ ቦታ ላይ፣ ተደላድሎ ይቀመጣል።)

ሶፋ ሠሪው፦ ና ልጄ። ወጥ ቤት ግባና ለእናትህ ጎመን ጨምርላት። ሽንኩርቱን እንዳትለቅምባት።