ቲቸር ፍሬምናጦስ ሲያስጽፉ

ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ቲቸር ፍሬምናጦስን ያውቃቸዋል። ስማቸው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አገሩም ሌላ። ደወል ሲደወል ጀምረው ደወል ሲደወል የሚያቆሙ፣ ትንፋሽ እንኳ በነጠላ ሰረዝ ብቻ የሚወስዱ ሰው ናቸው።

ሰመራ ላይ እኚህ ክቡር ሰው ባዮሎጂ ያስተምራሉ። ከዚያ በፊት አዋሽ ነበሩ፤ የአዋሽ ልጆች ደብተራቸው ሞልቶ ጭንቅላታቸው ባዶ ቀረ ይባላል። በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮታቸውን አያወልቁም። «ጻፉ!» ይላሉ፤ «መረዳቱ ኋላ ይመጣል።» ከተማሪዎቻቸው አንዷ ዙሌይካ አንዴ እጇን ብታወጣ፣ «ልጄ፣ ጥያቄ ዓረፍተ ነገር ይሰብራል» ብለው አስቀመጧት። አባቷ ወሎዬ ባለሱቅ ናቸው፤ አገላብጠው ሳያዩ ዕቃ አይገዙም። እሷ ግን የተባለችውን ሳታገላብጥ መጻፍ ለመደች።

ሙቀት ስለጣለው ሰው እርዳታ ያስጻፉት ባለፈው ሳምንት ነበር። ፈተኑበትም። ከድሩ አስር ከአስር አመጣና ክፍሉ አጨበጨበለት።

በዚህ ሳምንት አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ቲቸር ስለ ኩላሊት ያስጽፋሉ። ዙሌይካ አጠገቧ የተቀመጠችው የኸሊዳ እስክሪብቶ ሲወድቅ ሰማች። ቀጥላ ኸሊዳ ራሷ ከዴስኩ ተንሸራታ ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋች። ፊቷ እሳት መስሏል፤ ዓይኗ ተገልብጧል።

«ቲቸር! ኸሊዳ ወደቀች!»

«ዓረፍተ ነገሩን ልጨርስ» አሉ፣ ከሰሌዳው ሳይዞሩ።

«ወላሂ እየሞተች ነው!»

ያኔ ዞሩ። ክፍሉ በሙሉ ቆሞ ያያል። መልሱ በየደብተሩ አለ፤ የሚንቀሳቀስ ግን የለም። ከድሩ ብቻ የውሃ ጠርሙሱን ከፍቶ ሮጠ፤ የኸሊዳን አገጭ ቀና አድርጎ አፏ ውስጥ ሊያንቆረቁር ጎንበስ አለ።

ቲቸር በዴስኮቹ መሃል እየተላተሙ ደረሱና ጠርሙሱን ነጠቁት። «ታንቃታለህ!»

ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። ልጅቷን አቅፈው በረንዳው ጥላ ስር አስተኟት፤ ኮታቸውን አውልቀው ውሃውን አፈሰሱበትና ግንባሯና አንገቷ ላይ ጣሉት። ዙሌይካ በደብተሯ አራገበች። ብዙ ቆይቶ ኸሊዳ አቃሰተች። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት። ማምሻውን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት ተባለ።

ከድሩ ግን ማልቀሱን አልተወም። «ቲቸር፣ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፍ አይሰጥም ብዬ ጽፌ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔው ነኝ ያረምኩልህ።»

በማግስቱ ጠመኔ አላነሱም። ክራቫታቸውን አስተካክለው ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። «ሙቀት ጥሎኛል። አድኑኝ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ክፍሉ ሳቁን ዋጠ። ከድሩ ፈራ ተባ እያለ ክራቫታቸውን መፍታት ሲጀምር፣ «በቅድሚያ ልናስተውለው የሚገባ ነጥብ...» ብለው ጀመሩ።

«ቲቸር፣ ራስዎን ስተዋል!» ብላ ዙሌይካ ጮኸችባቸው።

ዝም አሉ። ልጆቹ ውሃ አፈሰሱ፣ አራገቡ፣ ተጨቃጨቁ፣ ተሳሳቱ፣ እንደገና ሞከሩ። እሳቸው አሁንም ዝም። ያ ድምፅ የሌለበት ክፍል ዙሌይካን ጭር ብሎ አስፈራት። ጎንበስ አለችና፣

«ቲቸር? እባክዎ፣ የሆነ ነገር ይናገሩ» አለች።

አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገለጥ አደረጉ። «እናንተ ቀጥሉ፤ እየሰማሁ ነው።»