ሦስት እሁድ ሽማግሌ ጥበቃ

[ዋሃካ ከተማ አጠገብ ያለ ምንጣፍ የሚሸመንበት መንደር። እሁድ ከሰዓት። የሰባ አራት ዓመቱ ሸማኔ ዶን ኤቮዲዮ የክት ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከበሩ ትይዩ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ስድስት ባዶ ወንበሮች ተደርድረዋል። የልጅ ልጃቸው ዩሪዲያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ በየሳምንቱ መጨረሻ የምትመጣ፣ ከመጣችም የማታስተምረው ነገር የሌላት ናት። ወንድሟ አብዲያስ የፊታችን ቅዳሜ ዊልበር ከሚባል የጎረቤት መንደር ወጣት ጋር ሊጋባ ነው፤ "አባባ ካልመረቁኝ ግን አልፈርምም" ብሏል። አባባም እስካሁን አልመረቁም።]

ኤቮዲዮ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰውየውን በቅጡ አላውቀውም። ዶን ጋውደንሲዮን፣ የዊልበርን አያት። አንዴ ከብት ገበያ ላይ ጀርባውን አይቻለሁ። ቢሆንም ነውር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ዩሪዲያ፦ ይኸው፣ ጀመርን። ነውሩ ምኑ ላይ ነው አባባ?

ኤቮዲዮ፦ ሁሉም ላይ። ሰፈሩ እያየን ነው። ጎረቤታችን ቅድም ወንበሮቹን ቆጥራ ሄደች።

ዩሪዲያ፦ ሰፈሩ ይልመደው። ሕጉ ከወጣ ቆየ እኮ።

ኤቮዲዮ፦ ሕጉን ማን ነካው?

ዩሪዲያ፦ እርስዎ ነዎታ። ሦስተኛ እሁድዎ ነው እዚህ ወንበር ላይ ተጣብቀው ሲያኮርፉ። ባለፈው እሁድ ያን የመሰለ ሞሌ ወጥ ሠርቼልዎት እንኳ ፊትዎ አልተፈታም።

ኤቮዲዮ፦ ወጡማ ግሩም ነበር። ሁለቴ አስጨምሬያለሁ። ደግሞ አላኮረፍኩም፤ እየጠበቅኩ ነው።

ዩሪዲያ፦ ምንን? አብዲያስ ሐሳቡን እስኪቀይር?

ኤቮዲዮ፦ ለምን ይቀይራል? ሙዚቀኞቹ ቀብድ በልተዋል።

ዩሪዲያ፦ [ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እጇን ዘርግታ] አባባ፣ ፍቅር ማለት ወንድ ሴት የማይል...

ኤቮዲዮ፦ ይህን ባለፈው እሁድም ብለሽኛል። እጅሽንም እንዲሁ ዘርግተሽ ነበር። ወጡ ውስጥ ገባ።

ዩሪዲያ፦ ስላልገባዎት ነው የምደግመው። የእርስዎ ዘመን ሰው አይገባውም።

ኤቮዲዮ፦ ገብቶኛል። አብዲያስ የነገረኝ ሰሞን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወሰደኝ። በማግስቱ ጠራሁትና አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ "ይሄ ዊልበር ማለዳ ይነሳል?" "ይነሳል" አለኝ። አለቀ።

ዩሪዲያ፦ አለቀ? ታዲያ ለምን አይመርቁትም?

ኤቮዲዮ፦ ሽማግሌ ሳይመጣ? ያልተጠየቅሁትን ልጅ ላሸክማቸው?

ዩሪዲያ፦ የምን ሽማግሌ?

ኤቮዲዮ፦ "እንጋባ" ያለው ዊልበር ነው። ጠያቂው ወገን ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው አበባ፣ አንድ ቅርጫት ዳቦና አንድ የሰባ ተርኪ ዶሮ ይዞ ይመጣል። "ስለ ልጁ ጉዳይ ነው የመጣሁት" ይላል። አራቴ እምቢ እለዋለሁ፤ በአምስተኛው እሺ። እምቢታዬን ተለማምጄ ጨርሻለሁ። ሦስተኛዋ እምቢታ በተለይ ታስለቅሳለች።

ዩሪዲያ፦ [እየሳቀች] በዚህ ዘመን? አብዲያስ በዶሮ የሚለወጥ ጆንያ በቆሎ ነው እንዴ?

ኤቮዲዮ፦ እናንተ ልጆች ትገርሙኛላችሁ። ሁሉ ነገር ይፈቀድ ትላላችሁ፤ አንዱም ነገር ግን በወጉ እንዲሆን አትፈልጉም። እህትሽ ስትዳር ተርኪ መጥቶላታል። አብዲያስ ወንድ ስለሚያገባ ነው በባዶ እጅ የሚወሰደው? ከእህቱ በምን አንሶ?

[ዩሪዲያ አንዱን ባዶ ወንበር አስተካከለች።]

ዩሪዲያ፦ እንግዲያው የሚቃወሙት የዊልበር ወገኖች ናቸዋ። ሽማግሌ ሁሉ አንድ ነው። እኔማ አንዱን በእጄ አባርሬዋለሁ።

ኤቮዲዮ፦ ማንን?

ዩሪዲያ፦ አልነገርኩዎትም? የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ እርስዎ የንጋት ቅዳሴ እንደሄዱ። አንድ አዲስ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ በሩን አንኳኳ። "ስለ ልጁ ጉዳይ ነው የመጣሁት" አለኝ። ሊቃወም እንደመጣ ገና ፊቱን ሳየው ገባኝ።

ኤቮዲዮ፦ ፊቱን ስታይው።

ዩሪዲያ፦ ፋታ አልሰጠሁትም። ስለ ሕጉ፣ ስለ መብቱ፣ ስለ ዘመኑ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ። እሱ "ስለ ልጁ..." ሲል እኔ "አይቻልም፣ ዘመንዎ አልፏል" ስል። አራት ጊዜ ሞከረ፣ አራት ጊዜ እምቢ አልኩት።

ኤቮዲዮ፦ አራቴ።

ዩሪዲያ፦ አራቴ። ደስ ብሎት ነበር መሰለኝ፣ አራተኛዋ ላይ ፈገግ አለ። ያኔ በሩን ዘጋሁበት።

ኤቮዲዮ፦ ከአምስተኛው በፊት።

ዩሪዲያ፦ ምን አምስተኛ...

[ዩሪዲያ ስድስቱን ባዶ ወንበሮች አንድ በአንድ አየቻቸው።]

ኤቮዲዮ፦ አበባ ይዞ ነበር?

ዩሪዲያ፦ ወደ መቃብር የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

ኤቮዲዮ፦ ዳቦስ?

ዩሪዲያ፦ አንድ ቅርጫት። ስንቁን የያዘ... አባባ፣ እርስዎ ግን የሚጠብቁት ከሰዓት ነው።

ኤቮዲዮ፦ በእኛ መንደር። እነሱ ግን ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሱት፤ እኔም ዘነጋሁት። ማለዳ ይነሳል ሲባል መጠርጠር ነበረብኝ። [ተነሡ] ይሁን፤ ሽማግሌ ሆኜ ሽማግሌውን እለምናለሁ። ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ደግነቱ ከስጦታው ምንም አልነካንም። ስጦታውን የበላ ልጁን ሰጥቷል፤ በልቶ በር የዘጋ ግን በሁለቱም መንደር ስም የለውም። አበባውንና ዳቦውን ይዞ ተመለሰ አይደል?

ዩሪዲያ፦ ይዞ ተመለሰ።

ኤቮዲዮ፦ ተርኪውንስ?

ዩሪዲያ፦ እሱን... በሩ ላይ አስሮት ነበር መሰለኝ።

[ዶን ኤቮዲዮ ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ። ምላሳቸው ጥርሳቸውን ዳሰሰ፤ ባለፈው እሁድ የቀረ ነገር የሚፈልግ ይመስል።]

ኤቮዲዮ፦ ዩሪዲያ። ባለፈው እሁድ ሁለቴ ያስጨመርኩት ሥጋ የምን ነበር?

ዩሪዲያ፦ ባርኔጣዎን ላምጣልዎ።

[ወደ ጓዳ ገባች፤ ብዙ ቆየች። ባርኔጣው ራሳቸው ላይ ነበር።]