ደንብ አክባሪው ባሌ

ደንብ የሚያከብር አዳኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አግብቼዋለሁ። ባሌ አያ ደሴ ድኩላን በወጥመድ መያዝ ሌብነት፣ በውሻ ማሳደድ ግፍ፣ ውኃ ዳር አድፍጦ መተኮስም ነውር ነው ይላል። ታዲያ ምን ቀረው? ገደል ለገደል በእግር መከተል! እኔማ ገደል ገብቶ እግሩን ይሰብራል እያልሁ፣ ወጥቶ እስኪገባ ልቤ አይረጋም።

ሰሞኑን አንድ ድኩላ ገደሉ አፋፍ ካለው የባቄላ ማሳችን ገባ። አያ ደሴ ጠመንጃውን ሲያነሳ ከፊቱ ቆምሁ።

«ምነው አያ ደሴ፣ ጦሙን ያደረ እንስሳ ይገደላል?» አልሁት።

አሰበና «እውነትሽን ነው፤ ይጥገብና እንተያያለን» ብሎ ደጃፍ ተቀመጠ።

ድኩላው ሲጠግብ አያ ደሴ ብድግ አለ።

«አሁን ደግሞ ሆዱ ከብዶት መሮጥ አይችልም። ይኸ ግፍ አይደለም?» አልሁት።

«አይ አንቺ ሴት!» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ባቄላው አለቀ። ባሌ ግን ይኸው ከነእግሩ አለልኝ።