መንዝን የማያውቅ የመንዝ በግ

«መንታ ናቸው እኮ ነው የምልዎት! አንድ እናት፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ጓሮ!»

«ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ መንትያነት የዝርያ መስፈርት አይደለም። ድምፅዎንም ዝቅ ያድርጉ፤ ኮሚቴው በሥራ ላይ ነው።»

ኮሚቴው በእርግጥም በሥራ ላይ ነበር። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር የተቀመጠችው ትንሿ ከተማችን በጎቿን «በግ» ብላ ከመጥራት ያለፈ ዕውቀት አልነበራትም። ይህ ድንቁርና እንቅልፍ የነሳቸው አቶ ጌታሁን ግን የበጎች ዝርያ ልየታ ኮሚቴን አቋቋሙ፤ ሰብሳቢነቱንም፣ ሌላ ሰው እንዳይደክም በማሰብ፣ ራሳቸው ያዙት። ዓላማው ግልጽ ነው። በከተማችን እንዲራባ የሚፈቀድለት ንጹሕ የቦንጋ አውራ በግ ብቻ ነው። ንጹሕነቱ የተረጋገጠለት ጆሮው ላይ ቢጫ ምልክት ይሰካለታል፤ ያልተረጋገጠለት ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። አስተዋይ ውሳኔ ነው። አገር የሚያድገው በጉን ለይቶ ሲያውቅ ነው፤ ሰውንማ ለይተን ከጨረስን ቆይተናል።

የእንስሳት ሐኪም ረዳት የሆነው ናስረዲን የማኮላሻውን መቆንጠጫ ይዞ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ግቢ ካለው ዋንዛ ሥር ቆሟል። ከአጠገቡ የማናልሞሽ በግ፣ ስለ እሱ እንደሚወራ ሳያውቅ፣ ያመሰኳል። ማናልሞሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያላት ጥቂት የቡና እግርና ይህ አውራ በግ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በጎቹን ከእሱ ያስጠቃል፤ በምላሹ ቡናዋ ሲቀላ መጥቶ ይለቅምላታል። ለሙክት ብሎ ቡና የሚለቅም ጎረቤት ግን በከተማችን ገና አልተወለደም።

«መንታ ወንድሙን መምህር ማቴዎስ ከእኔው ቢገዛው፣ ባለፈው ሳምንት ንጹሕ ቦንጋ ብላችሁ ምልክት ሰካችሁለት» አለች።

«መምህር ማቴዎስ የቦንጋ ሰው ናቸው» አሉ አቶ ጌታሁን በትዕግሥት።

«እሱማ ነው። በጉስ?»

«በጉም ከእሳቸው ጋር።»

የኮሚቴው ዘዴ ለማይገባው ሰው ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ ላይማ ላትና ጆሮ በሜትር ለመለካት ተሞክሮ ነበር። በጎቹ ግን ለሳይንስ ያላቸው አመለካከት ዝቅተኛ በመሆኑ አልቆም አሉ፤ ዝናቡም መጣ። አቶ ጌታሁን ከጽሕፈት ቤቱ በረንዳ እንደተጠለሉ ታላቁ ሐሳብ የመጣላቸው ያን ጊዜ ነው። በግ አይናገርም፤ ባለቤቱ ግን ይናገራል። ባለቤቱ ከወዴት እንደመጣ ከታወቀ በጉ የት ያመልጣል? ከዚያ ወዲያ ልየታው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ኮሚቴው በአንድ ጠዋት የሠራውን ሥራ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸውን ቢፈጁበት አይጨርሱትም፤ እነሱ በጉን ካላየን ይላሉና።

«እርስዎ ደግሞ» አሉ አቶ ጌታሁን፣ «አባትዎ ከመንዝ የመጡ ናቸው።»

«እኔ ሳልወለድ!»

«ስለዚህ በጉ የመንዝ ነው።»

«በጉ በአባቴ በኩል አይዛመደኝ! መንዝን እኔም አላውቀው፣ እሱም አያውቀው። ደግሞ የመንዝ አውራ ቀንዳም ነው ሲሉ እሰማለሁ። ይሄ የታል ቀንዱ?»

አባላቱ ተንሾካሾኩ።

«ዘግይቶ የሚያወጣ ዓይነት ነው» አሉ ሰብሳቢው።

ተራውን ይጠብቅ የነበረው ባለ ሱቁ ሻሚል በጉን እየጎተተ ወደፊት ቀረበ። «አቶ ጌታሁን፣ እስከዚያ የእኔን ጨርሱልኝ። ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት።»

«አንተ ከጅማ ነህ። የጅማ በግ የሚባል ዝርያ ግን ኮሚቴው አላጋጠመውም። ስለዚህ በግህ ለጊዜው ዝርያ የለውም።»

«ወላሂ! በግነቱስ አለ?»

«እሱም ይጠናል።»

ናስረዲን መቆንጠጫውን ከፍቶ ገጠመው፤ ቀጭ አለ። ድምፁን የሰማችው ማናልሞሽ ዓይኗን ከበጉ ላይ አንሥታ በረንዳው ላይ ወደተቀመጠው መምህር ማቴዎስ መለሰች። ማቴዎስ አጥር የሚጋራት ጎረቤቷ ነው፤ ያን ቀን ግን የመጣው በንጹሕ ዝርያ ባለቤቶች ስም ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ ነው።

«አቶ ጌታሁን፣ አሁን እዚሁ ለመምህር ብሸጥለትስ?»

ጥያቄው ለኮሚቴው አዲስ ስለነበር አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ ማለትም ወንበሮቹ ተጠጋጉ። ውይይቱ ጥልቅ ነበር። «ዝርያ ያለው በደም ውስጥ ነው» ያለ አንድ አባል አልጠፋም። «በጉን የሚይዘው ገመድ ነው፣ ገመዱን የሚይዘው ደግሞ ሰው ነው» የሚለው ሐሳብ ግን በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

ሽያጩ እዚያው ተፈጸመ። ማቴዎስ ከበረንዳው ወርዶ «አይዞዎት እትዬ፣ ምልክቱ ይሰካለትና ወዲያው እመልስልዎታለሁ» ብሎ አንሾካሾከላት። ዋጋ እንዲሆን ከኪሱ አንድ ጭብጥ ኮረሪማ አውጥቶ ሰጣት። ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

የአቶ ጌታሁን ፊት በራ።

«ላቱን አያችሁልኝ? የቦንጋ ላት ማለት ይሄ ነው! ጠጉሩ ልስልስ! ቀንድ የሚባል ነገር የለ!»

ዘግይቶ ሊወጣ የነበረው ቀንድ በዚሁ ቀረ። ናስረዲን መቆንጠጫውን አስቀምጦ ቢጫውን ምልክት ከበጉ ጆሮ ላይ ሰካ። ምልክቱ አንዴ ከተሰካ ማንም በጉን ሊያኮላሽ አይችልም፤ የኮሚቴው ውሳኔ ይግባኝ የለውምና። ማናልሞሽ ኮረሪማውን ለማቴዎስ ዘረጋችለት።

«በል መምህር፣ ኮረሪማህን ውሰድና ገመዴን አምጣ።»

ማቴዎስ በጉን አየው። ጎንበስ ብሎ ላቱን ዳበሰ፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ደግ ጎረቤት ነው፤ የማናልሞሽን በግ በየቀኑ በአጥር ላይ አሻግሮ ያየዋል። ንጹሕ ቦንጋ ሆኖ ሲያየው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለ በግ በኮረሪማ አይሸጥም።»

«በኮረሪማ አይደል እንዴ የገዛኸኝ?»

«የገዛሁትማ የመንዝ በግ ነው።»

«ምነው መምህር! ቡናዬን ማን ሊለቅምልኝ ነው?»

«ሳይንስ ነው እትዬ። እኔ ምን ላድርግ?»

አቶ ጌታሁን ይህን ሰምተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኅብረተሰቡ እንዲህ ፈጥኖ ግንዛቤ ይጨብጣል ብለው ሕልም እንኳ አላዩም ነበር። ወዲያው ሁሉም ሰው በረንዳው ላይ ከተሰቀለው ባነር ሥር ለፎቶግራፍ እንዲሰለፍ አዘዙ። ማቴዎስ ገመዱን ከዋንዛው አስሮ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ ከመካከል ቆመ። ሻሚልም ዝርያ አልባ በጉን ይዞ ጫፍ ላይ እንዲቆም ተፈቀደለት።

«ክቡራትና ክቡራን» አሉ አቶ ጌታሁን፣ «ከዛሬ ጀምሮ የከተማችን በግ ማንነቱን አውቆ ይግጣል! ከዛሬ ጀምሮ ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ ዝርያ መለየት እንችላለን!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ማናልሞሽ ኮረሪማውን ከዋንዛው ሥር አስቀመጠችና ገመዱን ፈታች። በጉ ሳይጎተት ተከተላት። በክፍቱ በር ወጥተው፣ አንድ ባጃጅ አሳልፈው፣ ወደ ቡናዋ በሚወስደው ጭቃ መንገድ ታጠፉ።

መምህር ማቴዎስ በንጹሕ ዝርያ ባለቤቶች ስም ምስጋና ሊያቀርብ ጉሮሮውን ጠረገ።